ጨው ያልነካው ምሳ

«የጨዋ ቤት ነው አይደል?» አለ ወንድሜ በስልክ።

ሐሙስ ማታ ነበር። እኔ ከጎኑ ቆሜ እማዬ በማግስቱ የምትለብሰውን ቀሚስ እተኩሳለሁ። ከስልኩ ውስጥ የድስት ክዳን ሲንኳኳና ዘይት ሲንጫጫ ይሰማል። በዚያ ሁሉ መሃል አንድ የወንድ ድምፅ «ጨው?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ጨው፣ ጌታዬ?»

«አዎ፣ ጨዋ!» አለ ወንድሜ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የምትመጣው እናቴ ናት። ትልቅ ሰው ናት፣ እሺ? ምንም እንዳይኖር። ምንም! … አዎ፣ እሱን ነው የምልዎት። በጣም ያስፈልጋል። … እግዜር ይስጥልኝ።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «ገብቶታል። ሰካራም የለ፣ ጭፈራ የለ፣ ምን የለ። በደንብ ነው የነገርኩት።»

ሰውየው ያለው ሌላ ነገር መሰለኝ ልለው ፈለግኩ። ግን በቤታችን ስልክ የሚደውለው ጋሼ ነው፤ የሚከራከረውም፣ የሚያርመውም እሱ ነው። ምን አገባኝ ብዬ ቀሚሱን ገለበጥኩና እጅጌውን መተኮስ ጀመርኩ።

ጋሼ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። የሚቀመጠው ከተማሪው ጎን ሲሆን ከእግሩ ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለው። ተማሪው ከፈጠነ፣ ወይም የፈጠነ ከመሰለው፣ ይረግጠዋል። ይህን ሲሠራ አስራ አራት ዓመት ሆኖታል። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቤት ውስጥም የሚቀመጠው በዚያው ወንበር ላይ ነው ማለት ይቻላል። ክፉ ሰው አይደለም። በታመምኩ ጊዜ ሐኪም ቤት ደጃፍ ያደረው፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፍራሼን ተሸክሞ አራት ፎቅ የወጣው እሱ ነው። ይህንንም ደጋግሞ ይነግረኛል።

የአርቡን ምሳ ያሰብኩት እኔ ነበርኩ። በኬሚስትሪ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሁለቱንም ዓመት አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ሳነሳና የሌሎች ሰዎችን የሥራ ማመልከቻ ስተይብ ነው የከረምኩት። በመጨረሻ አንድ የራሴ ማመልከቻ መልስ አገኘ። የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ነው፤ ከኛ ከተማ በአውቶቡስ የስድስት ሰዓት መንገድ። ኃላፊዋ ራሷ ደውላ «እስከ አርብ አስራ አንድ ሰዓት ቁርጡን ንገሪን፤ ካልሆነ ተጠባባቂ አለን» አለችኝ። እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እማዬ ሳታውቅ እሺ ማለት ነውር መሰለኝ። ጋሼም ቢሆን ነገሩን ተወስኖ ካለቀ በኋላ ቢሰማ ይቀየማል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ አርብ ምሳ ላይ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ እደውላለሁ አልኩ። ሳስበው በጣም የተስተካከለ ነገር ነበር።

የህንድ ምግብ ቤት የመረጥኩት ለእማዬ ብዬ ነው። ልጅ ሳለች የሒሳብ አስተማሪያቸው ህንዳዊ ነበሩ። አንድ ቀን ሚስታቸው በመስኮት ጠርታ በወረቀት የተጠቀለለ ቢጫ ሩዝ ሰጠቻት። ያን ሩዝ እማዬ ስትተርከው ዕድሜያችንን ሙሉ ሰምተናል። «ከዚያ ወዲህ ምግብ የሚባል አልቀመስኩም» ትላለች፣ የራሷን ወጥ እያወጣችልን።

ምግብ ቤቱ ከጋሼ ማሠልጠኛ አጠገብ፣ በፋርማሲና በመስታወት ቆራጭ መሃል የተሸጎጠ ነው። ስምንት ጠረጴዛ አለው። የጠረጴዛው ልብስ አበባ ያለበት ፕላስቲክ ሆኖ ክርን ሲያርፍበት ይጣበቃል። በጥጉ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ ከሱ ቀጥሎ ወደ ማድ ቤት የሚያስገባ አረንጓዴ መጋረጃ። ባለቤቱ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ሚስታቸው ቂጣ ትጠፈጥፋለች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ልጃቸው ታስተናግዳለች። እማዬ ስትገባ ባለቤቱ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል።

«እናት! እንኳን ደህና መጡ! ለእርስዎ ልዩ! ሌላ ሰው አልነካም፣ እኔ ብቻ!»

ቋንቋችንን የለመዱት ከገበያ ነው። ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ከሰል ከማንም ጋር ይከራከራሉ፤ ከዚያ ካለፈ ቃል ያጥራቸዋል። ይህን ያወቅነው ኋላ ነው። ያን ጊዜ ጋሼ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «አየሽ? የጨዋ ቤት ማለት ይሄ ነው» አለኝ።

«በልተህ ሳትጨርስ አታመስግን» አለችው አብራን የመጣችው ሚስቱ። እሷ ከጋሼ ጋር እየተጎነታተለች ነው የምትኖረው፤ ሁለቱም ይወዱታል።

ምግቡ ሲመጣ ሽታው አስቀድሞ ጠረጴዛውን ሞላው። ቢጫ ሩዝ፣ በቲማቲም የተሠራ ዶሮ፣ ምስር፣ በአይብ የተሠራ ቆስጣ፣ በፎጣ የተሸፈነ ትኩስ ቂጣ። እማዬ ማንኪያዋን አንስታ ከሩዙ ጀመረች። ሦስታችንም እጃችንን ሰብስበን አፏን እናያለን። ቀስ ብላ አኘከች።

«ጥሩ ነው» አለች።

እማዬ «ጥሩ ነው» የምትለው ጥሩ ሲሆንም ጥሩ ሳይሆንም ነው። የሚለየው ቀጥሎ ውሃ በመጠጣቷ ነው። ብርጭቆዋን አንስታ ግማሽ ድረስ ጠጣች።

እኔም ቀመስኩ። ሩዙ ቢጫ ነበር፤ ከዚያ ሌላ የሚባልለት ነገር የለም። ምስሩ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ የተረሳ ይመስላል። ዶሮው ዝንጅብል አለው፣ ከሙን አለው፣ ሄል አለው፣ ግን ሁሉም እንደተኳረፉ ጎረቤቶች በየራሳቸው ተቀምጠዋል። ሁለተኛ ጉርሻ ያዝኩና ከአፌ በፊት አቆምኩት።

«ኧረ ይሄ ምግብ ጨው የሚባል አልነካውም!» አለች የጋሼ ሚስት። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ…»

«…አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ብሎ ጋሼ ጨረሰላትና ሁለቱም ሳቁ።

የሁሉም ጠረጴዛ ላይ ጨው መነስነሻ አለ፤ የኛ ላይ ብቻ የለም። እሷ ተነስታ ከጎረቤት ጠረጴዛ አመጣች። ገና ሳታዘነብለው ባለቤቱ ከመጋረጃው ጀርባ እየሮጡ ወጥተው ከእጇ ወሰዱት።

«አይ፣ አይ፣ አይ! ለእናት መጥፎ! በጣም መጥፎ!»

የጋሼ ሳቅ ቆመ። «አምጣ» አለ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ በስልክ…»

«አምጣ አልኩህ! አንተ ነህ እንዴት እንደምንበላ የምትነግረን?»

አንተ። አባታችን ቢኖር የሚያክላቸውን ሰው። በስልክ «እርስዎ» ሲላቸው ነበር። ትናንት እርስዎ፣ ዛሬ አንተ፤ በመሃሉ የተለወጠው አንድ ሰሃን ሩዝ ነው።

«ተው፣ ምን አለበት» አለች እማዬ። «ሆድ ከሞላ ይበቃል።»

«ምን አለበት? አርባ ዓመት የተመኘሽውን እኮ ነው ይሄ ሰውዬ በውሃ ቀቅሎ የሰጠሽ! ካልቻልክበት ሌላ ሥራ ፈልግ! ሰው ታሞኛለህ?»

መጋረጃው ተከፈተና ልጃቸው ወጣች። የያዘችው ጠርዙ በዘይት የወዛ ደብተር ነበር። «ይቅርታ፣ አባቴ የታዘዙትን ነው የሠሩት» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «እሳቸው ስልክ ላይ ሆነው እየነገሩኝ የጻፍኩት ይሄው። አርብ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ አራት ሰው። ጨው ምንም እንዳይኖር። ለእናት ነው። በጣም ያስፈልጋል።»

ጋሼ ደብተሩን አይቶ ፊቱን አዞረ። «ውሸት ነው። አሁን እዚያ ጓዳ ውስጥ ገብተሽ ነው የጻፍሽው። ጨው የሚባል ቃል ከአፌ አልወጣም!»

ልጅቷ ደብተሩን ደረቷ ላይ አቀፈችው። አንገቷ ቀስ እያለ ሲቀላ አየሁ። ከአንገቷ ወደ ጆሮዋ፣ ከጆሮዋ ወደ ጉንጯ። ያንን መቅላት አውቀዋለሁ። እኔም ያልሠራሁት ጥፋት ሲጫንብኝ እንደዚያ እሆንና ዝም እላለሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ሰምቻለሁ» አልኩ።

«ምን ሰማሽ?»

«ስትደውል። ሁለት ጊዜ ጨው ብለው ጠይቀውሃል። አንተ አዎ አልካቸው።»

ተማሪ ማርሽ ሲያንጫጫበት የሚያየውን አስተያየት አየኝ። «አንቺ ከማን ጋር ነሽ?»

«ሰምቻለሁ ነው ያልኩህ።»

«እኔ ያልኩት ጨዋ ነው! ጨዋ! የጨዋ ቤት!»

ባለቤቱ ከልባቸው ሊረዱ ፈልገው ጠጋ አሉ። «ጨዋ… ጨው የበዛበት?»

ከወዲያ ጠረጴዛ ይበላ የነበረው መስታወት ቆራጭ ሳቁ አምልጦት በቂጣው አፉን ከደነ። ያቺ ሳቅ ናት ጋሼን ያሳበደችው። ሰው ሲስቅበት አይችልም።

«ጨዋ ማለት ይህች ናት!» አለ፣ ጣቱን ግንባሬ ድረስ ዘርግቶ። «እያት! የሰጧትን የምትበላ፣ ያሏትን የምትሰማ። እምቢ ማለት እንኳ ታፍራለች፤ እኔ ነኝ እምቢ የምልላት! ረቡዕ ለእነዚያ ለውሃዎቹ ሰዎች ደውዬ ባልገላግላት ኖሮ ይኸኔ…»

«አንተ!» አለች ሚስቱ። ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ስትረግጠው ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ።

ወዲያው አልገባኝም። ስለ ውሃ ሥራ ለማንም አልተናገርኩም። አእምሮዬ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቧንቧ ክፍያ ነበር።

«የትኞቹ የውሃ ሰዎች?» አልኩ።

«ተይው፣ ቤት እንነጋገራለን።»

«የትኞቹ?»

«ደወሉልኝ። ያንቺ ስልክ አልሠራ ብሏቸው። ፎርም ላይ ተጠሪ ብለሽ እኔን ጽፈሻል። ትመጣለች ወይ አሉኝ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «አትመጣም፣ የቤተሰብ ጉዳይ አለባት አልኳቸው። ምን ልበል? ስድስት ሰዓት መንገድ! ማንን ታውቂያለሽ እዚያ? እማዬንስ ማን ያያታል? አንቺ ለሰው እምቢ ማለት እንደሚጨንቅሽ አውቃለሁ። ጭንቀቱን ነው የወሰድኩልሽ።»

«እኔ እምቢ ልል እንደነበር ማን ነገረህ?»

«ይሄ መነገር አለበት?»

ከረቡዕ እስከ አርብ ሦስት ቀን ነው። በነዚያ ሦስት ቀናት አብረን ቁርስ በልተናል። ሐሙስ ማታ ቀሚስ ስተኩስ ከጎኔ ቆሞ ነበር። እኔ ደግሞ መስታወት ፊት ቆሜ «ጋሼ፣ እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር፣ እንዳይቀየም ብዬ፣ ስንት ጊዜ እየለወጥኩ ተለማምጃለሁ። እሱ ያን ጊዜ ጨርሶታል። ጨርሶት፣ እጁን ታጥቦ፣ ምሳ ልጋብዛችሁ ስለው «እንዴት ያለሽ ጎበዝ ነሽ» ብሎኛል።

«ምን ሥራ ነው?» አለች እማዬ። ሁላችንም የረሳናት ያህል ነበር። «ልጄ፣ ሥራ አግኝተሽ ነበር እንዴ?»

«አዎ እማዬ። ዛሬ ልነግርሽ ነበር።»

«ለአንቺ ብዬ ነው እማዬ» አለ ጋሼ ፈጠን ብሎ።

«እኔ ጠየቅኩህ?» አለች።

እኔ ተነሳሁ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳውን መታ። ማንኪያው አሁንም እጄ ውስጥ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው እጀታው መዳፌ ላይ ቀይ መስመር ትቶ ነበር።

«ቁጭ በይ፤ ሰው እያየን ነው» አለ ጋሼ ጥርሱን ነክሶ።

«ይየን።»

«ቁጭ በይ አልኩሽ!»

«አልቀመጥም። አንተ ስለ ጨው የምትጮህባቸው ሰውዬ የሰሙትን ሠርተዋል፤ ሳይገባቸው ሲቀር ጠይቀዋል። አንተ እኔን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅከኝም። ሁለት ቃል አሳጣኸኝ ጋሼ። አንዷ እሺ ናት፣ አንዷ እምቢ። እምቢ እንኳ ብል የራሴ አፍ ነበረኝ።» ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ እንደዚያ ቀጭን በመሆኑ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ።

«እንዲህ ተምረሽ ነው የመጣሽው?» አለ። «ፍራሽሽን…»

«አራት ፎቅ። አውቃለሁ።»

ክንዴን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ እማዬ መዳፏን እጁ ላይ አሳረፈች። «ተዋት» አለች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ለልጅቷ ስልክ የማወራበት ቦታ እንዳለ ጠየቅኳት፤ መጋረጃውን ገልጣ አስገባችኝ። ማድ ቤቱ ጠባብና ንጹሕ ነበር። እናቷ አንዲት ቃል ሳትጠይቀኝ ከበርጩማው ላይ የዱቄት ከረጢት አንስታ ቦታ ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም። ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራ።

ኃላፊዋ ማንነቴን ስትሰማ «ውይ፣ አትመጣም ተብለን እኮ ነው» አለች። «ተጠባባቂዋ ዛሬ ጠዋት ፈርማለች።»

«እስከ አርብ አስራ አንድ ሰዓት ብለውኝ ነበር።»

«ወንድምሽ ናቸው ያሉን፤ ተጠሪ አድርገሽ የጻፍሻቸውም ራስሽ ነሽ።»

«ተጠሪ የጻፍኩት ብታመም እንድትደውሉለት ነው። እንዲመልስልኝ አይደለም።»

ወረቀት ስታገላብጥ ሰማሁ። ከመጋረጃው ወዲያ የጋሼ ድምፅ ይሰማል፤ ለሚስቱ ጥፋቱ የራሷ መሆኑን ያስረዳታል። ፊት ለፊቴ ምድጃው ላይ የኛ ምስር ትርፍ በትንሽ ድስት ለብቻው ተቀምጧል። ላዩ ላይ ድንብላል ተበትኖበታል፤ ለእማዬ ብለው ሁሉን ነገር ለብቻ አብስለው፣ ለብቻ አስጊጠው። እንዲህ ተለፍቶበት እንዲህ ያልጣመ ምግብ አይቼ አላውቅም።

«ስሚኝ» አለች ኃላፊዋ በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ። «ላቦራቶሪው ውስጥ ያለው ቦታ አልቋል፤ እሱን ልመልስልሽ አልችልም። የናሙና ሰብሳቢ ቦታ ግን አለ። ኮንትራት ነው፣ ሦስት ወር፣ ሰኞ ይጀመራል። ጠርሙስ ተሸክሞ ከጉድጓድ ጉድጓድ መዞር ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ጭቃ አለ። በዲግሪ የሚሠራ አይደለም። ለማንኛውም ከቤተሰብ ጋር ተማከሪና…»

«እመጣለሁ።»

«ዛሬውኑ መልሺ አላልኩሽም እኮ።»

«እመጣለሁ ብያለሁ።»

«ወንድምሽ እንደገና ቢደውሉስ?»

«ይዝጉበት» አልኳት።

ስወጣ ጋሼ ጨው መነስነሻውን አግኝቷል። ሩዙ ላይ፣ ዶሮው ላይ፣ የእማዬ ሰሃን ላይ ሳይቀር እየነሰነሰ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ነይ ብዪ፣ አሁን ጣፍጧል» አለኝ። በዚያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያቺ ደግ ድምፁ ባሰችብኝ። ይቅርታ እንደማለት ነበረች፤ ይቅርታም አልነበረችም። ቀርቦልሽ የነበረውን ነጥቄሻለሁ፣ አሁን ቁጭ ብለሽ ይሄን ብዪ ነው የምትለው።

«ሰኞ ሥራ እገባለሁ» አልኩት። «ያንን አይደለም። ያንን አጥፍተኸዋል። ሌላ ነው፣ ያነሰ ነው።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

ጀርባዬን ሰጠሁት። ባለቤቱ ሽርጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ጠጋ ብዬ «ስለ ተናገርንዎት ሁሉ ይቅርታ ያድርጉልን» አልኳቸው፤ ለልጃቸውም እንደዚሁ። ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም። «ምግቡ… ሌላ ጊዜ… በጨው» አሉ፣ በጣም አዝነው።

እማዬ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። ሰሃኗ ከነጨዉ ሙሉ ነበር። «እኔ ጠግቤያለሁ» አለችና ወደ በሩ ሄደች። ተከተልኳት።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እማዬ እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ። ጋሼ አልመጣም። አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ፤ እኔም ሄድኩ።